እትዬ ጎማን ያለበሰው ጎሚስታ

የአበጋዝ ልጅ ሞታለች።

ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ኋላ ትመጣለች ብላችሁ እንዳትጠብቋት። ስሟ ከድጃ ነበር። የወተት ጥርሷ እንኳ ገና አልወለቀም ነበር።

አሁን ስሙ። ዘመኑ መኪና ሲያልፍ ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ የሚያይበት ዘመን ነው። ጉም በር የምትባል መንደር ነበረች። ከታች ቆላ፣ ከላይ ደጋ፤ እሷ መሀል ላይ ተንጠልጥላለች። ጠዋት ጠዋት ጉም ከቆላው ይወጣል። በቤቶቹ መሀል ያልፋል። በየደጃፉ እንደ እንግዳ ቆም ይልና ይሄዳል። በዚያች መንደር ሰው ጎረቤቱን ሳያየው በድምፁ ብቻ ሰላም ይለው ነበር።

ከዚያ አስፋልት መጣ። መንደሯን ለሁለት ከፈላት። ቤቶቹ ወዲህ ቀሩ፣ ምንጩ ወዲያ ቀረ። ውሃ የሚቀዱት ልጆች ናቸው። መኪናዎቹ ደግሞ ቁልቁለቱን ይዘው ሲመጡ አይቆሙም። ከድጃን የገጨው መኪናም አልቆመም። የማን እንደሆነ ያየ አልተገኘም። ጉም ነበር።

አበጋዝ ጎሚስታ ነበር። መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ የተነፈሰ ጎማ ይለጥፋል። ድሮም ብዙ አይናገርም። ልጁን ከቀበረ በኋላ ጭራሽ ዝም አለ። ሰው መጥቶ «አላህ ሶብሩን ይስጥህ» ሲለው ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ነገር ብቻ ፈለገ። በዚያ መንገድ ላይ ሌላ ልጅ እንዳይሞት ፈለገ። ሌላ ምንም አልፈለገም።

መጀመሪያ ቅጠል ቆረጠ።

መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ሾፌሩ ቅርንጫፍ ቆርጦ ከኋላው እንደሚጥል ታውቃላችሁ። ቅጠሉን ያየ ሌላ ሾፌር ፍሬን ይይዛል። አበጋዝም የወይራ ቅርንጫፍ ቆርጦ ከመንደሩ በላይ መታጠፊያው ላይ ጣለ። የተበላሸ መኪና የለም፤ ቅጠል ግን አለ። መኪና መጣ። ቅጠሉን አየ። ዘገየ። ልጆቹ ተሻገሩ።

ቅጠሉን ግን ፍየሎችም አዩት። የጎረቤቱ የጦይባ ፍየሎች ተከታትለው አስፋልቱ ላይ ወጡ። እሷም ዱላ ይዛ መጣች።

«አበጋዝ፣ ከፍየሎቼ አንዷን መኪና ቢነካት፣ በእሷ ቦታ ገበያ የማወጣው አንተን ነው» አለችው።

ሾፌሮቹም ውለው አድረው ነቁ። ቅጠል አለ፣ የተበላሸ መኪና የለም። አንድ ረዳት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ሰውዬ፣ የተበላሸኸው አንተ ነህ እንዴ?» ብሎት አለፈ። መኪናው ውስጥ ያሉት ሳቁ። አበጋዝ ግን እውነቱን ነው ብሎ አሰበ። ከዚያ በኋላ በቅጠሉ ላይ እየነዱ ያልፉ ጀመር።

ቀጥሎ አውሬ ሠራ።

አበጋዝ እንዲህ ብሎ አሰበ፦ ሾፌር የሚያውቀውን ነገር አይቶ ያልፋል፤ የማያውቀውን ሲያይ ይዘገያል። ስለዚህ ቀጭኔ ልሥራ አለ። ቀጭኔ ግን አይቶ አያውቅም። ያያት በብስኩት ካርቶን ላይ ነው። ካርቶኑም ተቀዶ ስለነበር ያየው ከአንገቷ በላይ ያለውን ብቻ ነው። የቀረውን ከራሱ ጨመረ። የባሕር ዛፍ ግንድ አቁሞ ያለቀ ጎማ ደረደረበት፤ አንገት ሆነ። ሆዷን በበርሜል ሠራ። እግሮቿ የበሬ እግር መሰሉ። ጆሮዎቿ ከከመነዳሪ፣ ከጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ ተቆረጡ፤ ነፋስ ሲነፍስ ይንቀሳቀሳሉ። ለዓይኗ የተሰበረ መኪና መብራት ተከለላት። ቀንድም አደረገላት፤ ለምን እንዳደረገላት ማንም አያውቅም።

ጠዋት ጉሙ ሲገለጥ መንገድ ዳር ቆማ ታየች። ጥቁር ናት። ረጅም ናት። ሰው ሕልሙ ውስጥ ያየውን አውሬ ለሌላ ሰው ሲነግረው እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል።

መኪና መጣ። ዘገየ። ልጆቹ ተሻገሩ።

«ግመል ናት» አለ ሾፌሩ።

«የምን ግመል? ሻኛዋ የታለ?» አለ ረዳቱ።

«ሰጎን ናት እንግዲህ።»

«አራት እግር ያላት ሰጎን የት አገር አየህ? ዛሬ የቃምከው ምንድን ነው?»

መስማማት ሲያቅታቸው መኪናውን አቁመው ወረዱ። «ወንድሜ፣ ምንድን ናት?» ብለው አበጋዝን ጠየቁት። «እኔም አላውቅም» አላቸው። ከቀብሩ ወዲህ ሰው ከአፉ የሰማው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ሾፌሩ ባርኔጣውን አነሣላትና «እንግዲያው ደህና ይዋሉ፣ እትዬ ጎማ» አላት። ስሟ በዚያው ቀረ።

ዓይን ግን ይለምዳል። ሾፌሮቹ ለመዷት። የለመዷትን ማየት ተዉ፤ መፍጠን ጀመሩ። አበጋዝ መንገዱ ዳር ቆሞ እጁን ያወናጭፋል፤ የሚያየው የለም።

አንድ ቀን ጦይባ ልብስ አጥባ ማስጫ አጣች። ቀይ ሻሿን ወስዳ በእትዬ ጎማ አንገት ላይ ጠመጠመችው። ያን ቀን መኪናዎቹ በሙሉ ዘገዩ። ጦይባ ሻሿን ልታወርድ ስትመጣ አበጋዝ ከፊቷ ቆመ።

«ዛሬን ተይላት» አላት።

«እኔስ ራሴን በምን ልሰር?»

ሄዶ የራሱን ፎጣ አመጣላት። እሷም እየሳቀች አሰረችው።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ጎማ ሳትለብስ የዋለችበት ቀን የለም። ሠርግ ሲሆን ሙሽራ ትሆናለች። ዝናብ ሲመጣ ጆንያ ትደርባለች። ዒድ ሲሆን ሽቱ ተረጭቶባታል የሚሉ አሉ። ለጥምቀት ነጭ ለብሳ ስትታይ ታቦት አጅባ የምትሄድ ትመስል ነበር። ሾፌሩ ዛሬ ምን ለብሳ ይሆን እያለ ይመጣል። ይዘገያል። ልጆቹ ይሻገራሉ።

ይህ ነገር ሽማግሌዎቹን አሳሰባቸው። ሼህ ኑርዬና ቄስ አስራደ አንድ ላይ ሆነው መጡ። ሁለቱ አንድ ላይ መምጣታቸው ብቻውን ሰውን አስደነገጠ።

«አበጋዝ ልጄ» አሉ ሼህ ኑርዬ፣ «ምስል ሠራህ፣ ዝም አልን። አለበስከው፣ ዝም አልን። አሁን ግን እግሯን ቅቤ የቀባ ሰው አለ። ነገ ደግሞ ስለት ይሳሉላታል። አፍርሳት።»

«ካላችሁ አፈርሳታለሁ» አለ አበጋዝ። «በቦታዋ ግን ማን ይቁም?»

«ማን ይቁም ስትል?»

«መኪናውን የሚያዘገይ።»

ሁለቱ ተያዩ። ሼህ ኑርዬ «እርስዎ ይቁሙ ቄስ አስራደ፤ ጥላ አለዎት» አሉ። ቄሱም «እርስዎ ይሻላሉ፤ ጢምዎ ከሩቅ ይታያል» አሉ። ሰው ሳቀ። እነሱ ግን አልሳቁም። ልጆቹ የውሃ ቆርቆሯቸውን ተሸክመው ከምንጩ ሲመለሱ ሁለቱ ዓይናቸውን እነሱ ላይ ጥለው ነበርና።

«ትቁም እንግዲህ። ዳግም ቅቤ የሚቀባት ካገኘን ግን እኛው ራሳችን እናፈርሳታለን» አሉ ሼህ ኑርዬ፤ ሄዱም። በማግሥቱ የቄስ አስራደ አሮጌ ጥላ በእትዬ ጎማ አንገት ላይ ተዘርግቶ ተገኘ።

ከዚያ ክረምት ገባ።

ያ ክረምት ክፉ ነበር። ጉሙ እስከ እኩለ ቀን ድረስ አይነሣም። ጥቁሯ እትዬ ጎማ ጉሙ ውስጥ ትሰጥማለች። የሚያለብሷት ልብስ ይበሰብሳል። ሰውም የሚሰጠው አለቀበት፤ የራሱ ልጅ በርዶታል። አንድ ጠዋት ቁልቁል የመጣ መኪና የአንድ ልጅ ቆርቆሮ ጨፈለቀ። ልጁ ቆርቆሮውን ጥሎ ሮጦ ነው የተረፈው። ውሃው አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። አበጋዝ ያን ውሃ ቆሞ አየው።

ቤቱ ገባ። ሚስቱ ሉባባ እሳት ዳር ተቀምጣለች።

«ካፖርቴን አለበስኳት፣ ነጠላሽን አለበስኳት» አላት። «ሌላ ምን አለን?»

ሉባባ ተነሥታ ሣጥኑን ከፈተች። ከሥር ቢጫ ሹራብ አወጣች። ትንሽ ነው። እጅጌው አንድ ብቻ ነው።

አበጋዝ አልተቀበላትም። «ይበሰብሳል» አለ።

«እዚህም ብል ይበላዋል።»

«ሉባባ።»

«ወስደህ አልብሳት» አለችው። «የሰው ልጅ ከምንጭ እየተመለሰ ነው።»

ወሰደው። እትዬ ጎማ ላይ ወጥቶ ቀንዷ ላይ ሰቀለው። ለአንገቷ አይበቃማ። ጉሙ መጣ። ቀንዷን ዋጠ፣ አንገቷን ዋጠ፣ በርሜሏን ዋጠ። ሹራቡን ግን አልዋጠውም። አንዲት ትንሽ ቢጫ ነገር ከመንገዱ በላይ አየር ላይ ቆማ ትታይ ነበር። ነፋስ ሲመጣ አንዷ እጅጌ ከፍ ዝቅ ትላለች።

መኪና መጣ። አልዘገየም፤ ቆመ። ሁለተኛው መጣ፤ ቆመ። ከታች የሚመጡትም ቆሙ። አንድ በአንድ ሞተራቸውን አጠፉ። አስፋልት ከመጣ ወዲህ ጉም በር እንዲያ ያለ ጸጥታ ሰምታ አታውቅም። ምንጩ ሲፈስ ከመንገዱ ማዶ ይሰማ ነበር። ልጆቹ ተሻገሩ። ቀዱ። ተመለሱ። የሮጠ ልጅ አልነበረም።

ከፊት ከቆመው ተሳቢ አንድ ሾፌር ወረደ። ዕድሜው ገፍቷል። ከእትዬ ጎማ ሥር መጥቶ ቀና አለ።

«የማን ነው?» አለ።

«የልጄ።»

«ሌላው እጅጌስ?»

«እናቷ ሳትጨርሰው ልጅቷ ሞተች።»

«በመኪና?»

«በመኪና።»

«እዚህ?»

«አንተ የቆምክበት ላይ» አለው አበጋዝ።

ሾፌሩ እግሩን አየ። ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። ዝናብ ሲጀምር ካፖርቱን አወለቀ። በርሜሉ ላይ ወጣና ሹራቡን ዝናብ እንዳያገኘው ካፖርቱን ከበላዩ እንደ ጣሪያ ዘረጋው። ወርዶ በሸሚዙ ዝናቡ ውስጥ ቆመ።

ያ ሰው ራሱ የገጨው ነው የሚሉ አሉ። አይደለም የሚሉም አሉ። እኔ አላውቅም። አበጋዝ አልጠየቀውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ጎማን የሚያለብሱት ሾፌሮች ሆኑ። አበጋዝ ካለፈ ብዙ ዘመን ሆነ፤ ጎማዎቹም ስንቴ ተለወጡ። ዛሬም አዲስ ሾፌር በዚያ መስመር መጀመሪያ ሲወጣ የራሱን ልብስ ያለብሳታል፤ ሳያለብሳት ቢያልፍ ረዳቱ አብሮት አይበላም። ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ ከአጠገቧ ፎቶ ይነሣል፤ ግመል ናት፣ ሰጎን ናት እያለ ይከራከራል። ቁልቁል የሚወርደውና ሽቅብ የሚወጣው ሾፌር ሲገናኙም መንገዱ ደህና ነው ወይ አይባባሉም። አንዱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እትዬ ምን ለብሰው ዋሉ?» ይላል። ሌላው ያየውን ይነግረዋል። ያላየ ሰው በፍጥነት ነው ያለፈው ማለት ነውና ያፍራል።

ያን ቀን ግን ይህ ሁሉ ገና አልነበረም። ዝናቡ አባራ። መኪናዎቹ አንድ በአንድ ሞተራቸውን አስነሥተው በእርምጃ ሄዱ። ያ ሾፌር መጨረሻ ቀረ። ሊሳፈር ሲል አበጋዝ የመኪናውን የኋላ ጎማ አየ። አየር ጎድሎታል። ሾፌሩን በእጁ ቆይ አለው። መንፊያውን አመጣ፣ ተንበረከከ፣ ጎማው እስኪጠና ድረስ ነፋለት።