ደራሽ ሣር እንቢ ያለ ሰሞን

በአንድ ወቅት፣ ወንድ ልጅ ከአባቱ ስም ይልቅ በፈረሱ ስም በሚጠራበት ዘመን፣ ከጮቄ ተራራ ቁልቁል ባለ መንደር ስንሻው የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ስንሻው ብለው የሚጠሩት ግን እናቱና የነፍስ አባቱ ብቻ ነበሩ። ፈረሱ ደራሽ ስለሚባል አገሩ በሙሉ የሚያውቀው «አባ ደራሽ» ብሎ ነው። ሚስቱ አንጓችም ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ከዚህ ፈረስ በፊት በነበረውም በዚያው ስም በተጠራው ፈረስ ጊዜ ጭምር፣ «አባ ደራሽ» ስትለው ኖረች። ውኃ ስታቀብለው አባ ደራሽ፤ ስትቆጣውም አባ ደራሽ፤ ጋቢውን ብቻውን ሲጠቀለልበት እንኳ «ኧረ አባ ደራሽ፣ እኔም ሰው ነኝ!» ትለው ነበር።

ስሙ የሰውየው ይመስላል እንጂ የፈረሱ ነው። ፈረሱ ወደ ሌላ እጅ የገባ ዕለት ስሙም ተከትሎት ይሄዳል። ደራሽን የያዘ ወንድ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አባ ደራሽ ይባላል። አንጓች ይህን ልማድ ታውቀዋለች። ባሏ በሕይወት ሳለ ግን አንድም ቀን አስባው አታውቅም።

ስንሻው ከገና በኋላ ታመመ፤ በአራተኛው ቀን ሞተ። በሣልስቱ ለቅሶ ወጉ እንደሚያዝዘው ፈረሱ ተሸልሞ፣ ጋሻና ጦሩ ኮርቻው ላይ ታስሮ፣ በለቀስተኛው መሐል ሊዞር ሆነ። አንጓች ከሣጥን ውስጥ ብር የተለበጠበትን ልጓም አወጣች። ደራሽ ያን ልጓም ካየ ዓመታት አልፈዋል፤ ባሏ የሚያደርግለት ብረቱ በቆዳ የተጠቀለለ፣ ያረጀ ልጓም ነበር። እሷ ግን «ለጌታው መሸኛ አሮጌ አይለብስም» አለችና በገዛ እጇ ለጎመችው።

ፈረሱ ሲዞር ራሱን እየናጠ አረፋ ደፈቀ፤ ከዓይኑም እንባ ወረደ። አልቃሿ ያንን አይታ ወዲያው ግጥሙን አወረደችው፦

«ደራሽ ሣር አይበላ፣ ውኃውን አይጠጣ፣
ቆሞ ይጠብቃል፣ ጌታው እስኪመጣ።»

ለቀስተኛው ደረቱን እየመታ አለቀሰ። ይህ ሁሉ በተባለ ማግሥት ደራሽ እውነትም ሣር እንቢ አለ፤ ውኃም እንቢ አለ። ከግርግሙ ጥቂት ያነሣና ያላምጣል፤ ከዚያ እንደ ኳስ የተድቦለቦለ ሣር ከአፉ ይወድቃል። ሰው ሁሉ «እንስሳው እንኳ ሐዘኑን አልቻለውም» እያለ ራሱን ነቀነቀ። አፉን ከፍቶ ያየ ግን አልነበረም።

አንጓችም አላየችም። እንዲያውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ሳይላት አልቀረም። የጎረቤቱ እንባ ደርቋል፤ ቤቱ እየጸዳ፣ ድንኳኑ እየተነቀለ ነው። እንደ እሷ የከፋው አንድ ፍጡር በረት ውስጥ ቆሟል። ዳዊቷን ይዛ እዚያው አጠገቡ ተቀምጣ ትደግማለች፤ ያመጡላትን እንጀራም እንደ እሱ ቀመስ አድርጋ ትተወዋለች። «አንተ ብቻ ቀረኸኝ» ትለዋለች።

በሁለተኛው ቀን ግን የጎድን አጥንቱ መቆጠር ሲጀምር ደነገጠች። ከለቅሶ ያልተመለሱት ሰዎች ፊት ቆማ፣ «በስንሻው አጥንት! ደራሽን ያስበላልኝ ሰው ይውሰደው!» ብላ ማለች። «ስንሻው» የሚለው ስም ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያዋ ነበር። ምን እንደሰጠች የገባት ግን ከተቀመጠች በኋላ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ቢተው ነው። ቢተው የሟቹ የጉግስ ባላንጣ ነበር። ሰባት ዓመት በጥምቀት ሜዳ ከአባ ደራሽ ጋር ሲሯሯጥ ሰባቱንም ዓመት ተሸንፏል። የእሱ ፈረስ ሸጋው ይባላል። ሸጋውን እየሳበ ግቢ ገባና በረቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ደራሽን ከላይ እስከ ታች ተመለከተው።

«ኧረ ተው አንተ ፈረስ! ሰባት ዓመት እኔን አቧራ ስታበላ አፍህ ደህና ነበር፤ አሁን ሣር አቃተህ?»

አንጓች ሳቋ መጣባት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «አያ ቢተው፣ በሐዘን ቤት…»

«እቴ አንጓች፣ ያንቺ ባል ሐዘን አይወድም ነበር። ፈረስ ብቻውን አይበላም፤ ወታደር ነው። ሸጋው እዚሁ ይደር።»

ሁለቱን አጎራብቶ አሰራቸው። ሸጋው ገንዳው ላይ አጎንብሶ እየተንቦጫረቀ ሲጠጣ ደራሽ ጆሮውን አቆመ፤ ቀስ ብሎ አፍንጫውን አስጠጋ፤ ከዚያም ጠጣ። ሁለት ቀን ሙሉ የተጠማ ነበርና ገንዳው ሁለት ጊዜ ተሞላ። ሣሩን ግን አሁንም እንደ ኳስ እያድቦለቦለ ጣለው። ቢተው ሸጋውን ሳይወስድ ሄደ። በጥምቀት ዕለትም ባለፈረሶች ሁሉ ሲጋልቡ እሱ በእግሩ ሜዳው ዳር ቆሞ ዋለ። ልጆች «አባ ሸጋው፣ ሸጋው የት ሄደ?» እያሉ አላገጡበት። «ጠላቴን እያስታመመ ነው» ብሎ መለሰ።

ሁለተኛው ይግዛው ነው፤ የሟቹ ታናሽ ወንድም። ይግዛው ከደጅ ሲጣራ አንጓች ሁልጊዜ ብድግ ትላለች፤ ድምፁ የወንድሙ ድምፅ ነውና።

«እትዬ፣ ይህ ፈረስ የተወለደው ጮቄ ላይ ነው፤ ገና ውርንጭላ ሳለ ከወንድሜ ጋር ነው ያመጣነው። ሐዘንተኛ ሰው የእናቱን ቤት አይናፍቅም? እኔ ሄጄ የአገሩን ሣር አመጣለታለሁ።»

«ገብስህስ? ክምሩ አውድማ ላይ አይደለም እንዴ?»

«ገብስ ይጠብቃል፤ ፈረስ አይጠብቅም።»

በእግሩ ሁለት ቀን ወጣ፤ ሁለት ቀን ወረደ። በበጋ ከማይደርቅ ረግረግ ውስጥ ማገጥ የሚሉትን ለስላሳ ባለ ሦስት ቅጠል ሣር አጭዶ፣ እንዳይጠወልግ በየወንዙ እየነከረ፣ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ገብሱ ግን አልጠበቀውም። እሱ በሌለበት የሰው ከብት ገብቶ ከክምሩ እኩሌታውን በልቶና ረግጦ አበላሸው። ሚስቱ ይህን ስትነግረው ሸክሙን እንኳ አላወረደም። «ፈረሱስ?» ነበር ያላት።

ሦስተኛዋ ደጊቱ ናት፤ የሟቹ ልጅ። ሌላ አገር ተድራ በባሏ ቤት ትኖራለች፤ ለለቅሶ መጥታ ገና አልተመለሰችም ነበር። አጎቷ መንገድ ላይ ሳለ፣ በከተራ ዕለት ማለዳ፣ ከግርግሙ ሥር የወደቁትን የሣር ኳሶች አንድ በአንድ እያነሣች ታገላብጣቸው ጀመር። አንዱ ላይ ደም አየች።

«እማ፣ አፉን ማን አየው?»

«ምን አፉን? ልቡ ነው የተሰበረው።»

«የተሰበረ ልብ ሣር አላምጦ ይተፋል እንዴ?»

አንጓች ተቆጣች። «አባትሽን ቀብረሽ ሳምንት ሳይሞላሽ ጥርስ ልትቆጥሪ ነው?»

ደጊቱ ሙቅ ውኃ በጨው በጥብጣ መጣች፤ ፈረሱን ከግንድ ጋር አጣብቃ አሰረች፤ ምላሱን በአንድ እጇ ይዛ ወደ ጎን ሳበችና ሌላውን እጇን እስከ አንጓዋ አስገባች። ድዱ ተሰንጥቋል። በስንጥቁ ውስጥ የገብስ ጢም ተሰክቶ መግል ቋጥሯል። ስትነቅለው ፈረሱ ራሱን ነቀነቀና አፉን ገጠመ፤ የትንሿ ጣቷ ጫፍ እዚያው ቀረ። ደጊቱ ጮኸች፤ ግን የነቀለችውን ጢም አልጣለችም። በሌላው እጇ ቁስሉን በጨው ውኃ አጠበችው። ጠዋትና ማታ፣ እጇ በጨርቅ እንደታሰረ፣ ደግማ ደጋግማ አጠበችው።

«ብረት የሰነጠቀው ነው» አለች፤ «ገብሱ በኋላ ነው የገባበት። ምን ዓይነት ልጓም ነው ያደረጋችሁለት?»

አንጓችን ባሏ አንድ ቀን ያንን ባለ ብር ልጓም ሣጥን ውስጥ ሲያስቀምጥ የተናገረው ትዝ አላት፤ «ይህ ለዓይን እንጂ ለአፍ አይሆንም» ብሎ ነበር። ልጓሙን ያወጣችው እሷ፤ የለጎመችው እሷ። ታዲያ ያ እንባ የሐዘን ነበር ወይስ የብረት? አብሯት ያዘነው ፈረስ፣ በእርግጥ አብሯት አዝኖ ነበር? ወይስ እሷ ራሷ አቁስላው፣ እሷው አጠገቡ ተቀምጣ «አንተ ብቻ ቀረኸኝ» ስትለው ኖረች? ዳዊቷን ከፈተች፤ ፊደሉ አልታያት አለ፤ ዘጋችው።

ጥምቀት አለፈ። ደራሽ ከሸጋው ጋር ይጠጣል፤ አፉም መድረቅ ጀምሯል። ደረቁን ሣር ግን አሁንም እያሸተተ ይመለሳል። በማግሥቱ፣ በቃና ዘገሊላ፣ ይግዛው ማገጡን ተሸክሞ ደረሰ። ውኃ የሚያንጠባጥበውን ሣር በእጁ ይዞ ዘረጋለት። ደራሽ አሸተተ፤ ከንፈሩን አንቀጠቀጠ፤ ያዘ። አላመጠ። ሰው ሁሉ ወደ መሬት አየ፤ ምንም አልወደቀም። ሁለተኛ ያዘ፤ ሦስተኛ ያዘ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሐዘን ቤት መሆኑ ትዝ ሲላቸው አቋረጡ።

ክርክሩ የተጀመረው ያኔውኑ ነው።

«ከእጄ በላ» አለ ይግዛው። «ሰው ሁሉ አይቷል።»

«በየትኛው አፍ?» አለች ደጊቱ፣ የታሰረ እጇን ከፍ አድርጋ።

«በየትኛው ነፍስ?» አለ ቢተው። «ሸጋው ውኃ ባያስጠጣው ኖሮ አፉን የምታጥቢው ለጅብ ነበር።»

በእሑዱ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከደጀ ሰላሙ ፊት ባለው መስክ ላይ ተሰበሰቡ። ሽማግሌው አለቃ ፈንታ ነገሩን ሰምተው እያንዳንዳቸውን ፈረሱን ለምን እንደሚሹት ጠየቁ።

«ስሙ ከቤት እንዳይወጣ ነው» አለ ይግዛው። «አባ ደራሽ ወንድሜ ነበር፤ አሁን ደግሞ እኔ ልሁን። እትዬ ስሙን በደጇ እየሰማች ትኑር።»

«ስም ቤት ውስጥ ተቀምጦ ይሻግታል» አለ ቢተው። «ስም የሚኖረው ሜዳ ላይ ነው። ሰባት ዓመት ያሸነፈኝን ሰው ስም እኔ ተሸክሜ ባስጠራው ክብሩ የእሱ ነው። ሸጋውን ለልጄ እሰጠዋለሁ።»

ደጊቱ መሬት መሬቱን አየች። «እኔ ሴት ነኝ፤ አባ አልባልም። ፈረሱን ወስጄ አስታምመዋለሁ እንጂ ማንም በስሙ አይጠራም። ስሙ ከአባቴ ጋር ይረፍ።»

ይህን ጊዜ አንጓች ተነሣች። ልጓሙን ያወጣችው፣ አፉንም ያቆሰለችው እሷ መሆኗን በሕዝብ ፊት ተናገረች። «ስለዚህ ፈረሱ አላዘነም፤ አሞት ነው። እኔ ነኝ ያሳመምኩት» አለች።

አለቃ ፈንታ ወደ እሷ ዞሩ። «ልጄ፣ መቁሰሉ ማዘኑን ይከለክለዋል እንዴ? አንቺስ ብትሆኚ፣ እግርሽን እሾህ ቢወጋሽ ለባልሽ አታለቅሺም?»

ሰው አጉረመረመ። አንዱ «አዝኗል» አለ፤ ሌላው «ቁስል ነው» አለ፤ ሦስተኛው «ሁለቱም ነው» ሲል አራተኛው «እንግዲያው ሐዘኑን ማን አዳነው?» ብሎ ጠየቀ። ነገሩ ከመፈታት ይልቅ ተወሳሰበ።

«በቃ» አሉ አለቃ ፈንታ፤ «ፈረሱ ራሱ ይፍረድ።» ሦስቱን በሦስት አቅጣጫ አቁመው የደራሽን ገመድ ፈቱት። ደራሽ ጆሮውን አቆመ። ይግዛውን አየ፤ ደጊቱን አየ፤ ቢተውንም አየ። ከዚያ ራሱን ዝቅ አደረገና እዚያው በቆመበት የመስኩን ሣር ይግጥ ጀመር።

ሰው በሳቅ ፈነዳ። አለቃ ፈንታም ሳቁ፤ «ዳኛ ስንፈልግ በላተኛ አገኘን» አሉ። ገመዱን ከመሬት አንሥተው ለአንጓች አቀበሏት። «የማልሽው አንቺ ነሽ፤ በባልሽ አጥንት ነው የማልሽው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ስጪ።»

አንጓች ገመዱን ይዛ ቆመች። ለይግዛው ብትሰጠው፣ ነገ ጠዋት በደጇ «አባ ደራሽ!» ተብሎ ሲጠራ የባሏ ድምፅ «አቤት» ብሎ ይመልሳል፤ ባሏ ግን አይደለም። ለቢተው ብትሰጠው፣ ስሙ በእልልታ ይጠራል፤ እሷ በማትወጣበት ሜዳ፣ በባላንጣው ጀርባ ላይ። ለደጊቱ ብትሰጠው፣ ስሙን የሚጠራ እሷ ብቻ ትቀራለች፤ የሚመልስላትም የለም። አንዱ እህሉን፣ አንዷ አካሏን፣ አንዱም ክብሩን ከፍሏል። ፈረሱ አጠገቧ ቆሞ ሣሩን እየነጨ ያላምጣል፤ የሚወድቅ የለም።

ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። እናንተ ብትሆኑ ያንን ገመድ ለማን ታቀብላላችሁ? ደራሽስ የማን ነው?