የክብር እንግዶች ጥላ

አንድ ቀን፣ ያውም በግንቦት፣ ያውም በእኛ ቆላ ከተማ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሊያማክረን መጣ። ሊያማክረን ሲመጣ የሞተር መጋዙን በፒካፕ ጭኖ ነው። አትሳቁ እንጂ! መቼም ጨዋ ሰው ሊያማክር ሲሄድ ባዶ እጁን አይሄድም።

የሚያማክረን ስለ ኒም ዛፎቹ ነው። ከገበያው አንስቶ እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ መንገዱን ይዘው የቆሙ ዘጠኝ ኒሞች አሉ። የተከሏቸው የእድራችን ሰዎች ናቸው። እኔ ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፤ ውሃ ካመላለሱት አንዷ ነኝ። ዛሬ እናት የታመመ ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ ስትሄድ፣ ከአንዱ ኒም ወደ ሌላው ኒም ቶሎ ቶሎ እየተራመደች ነው ከፀሐይዋ የምታመልጠው። እኔ ከመጀመሪያው ሥር ሽንኩርትና ቃሪያዬን ዘርግቼ ጉልት እቀመጣለሁ። ከአራተኛው ሥር ጫንያለው ጫማ ይሰፋል። ሰዉ ሁሉ ጋሽ ጫንያለው ይለዋል፤ እኔ ግን ታናሼ ስለሆነ በስሙ ነው የምጠራው፣ ሲያጠፋም እቆጣዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚያ ዛፍ ሥር አልተነሳም። ሱቅ የለው፣ በረንዳ የለው። ወስፌው፣ ማስቲሹና ያቺ ጥላ ናቸው ያሉት። ዛፉ ከሄደ እሱም ሄደ ማለት ነው፤ የእኛን ፀሐይ እንኳን ሰው፣ ድንጋይም አይችላት።

ታዲያ ምን ሆነ፣ አንድ ኢንጂነር ተሾመልን። ልዑልሰገድ ይባላል፣ ከደጋ ነው የመጣው። ልጁ ክፉ አይደለም። ብቻ የማያውቀው ነገር የለም፤ ይኼ ነው በሽታው። በመጣ በሁለተኛው ወር ኒሞቹን ሁሉ በቀይ ቀለም ኤክስ አደረገባቸው። አርጅተዋል፣ ሥራቸው የእግረኛውን መንገድ ሰነጠቀ፣ ቅጠላቸው ቦይ ይደፍናል፣ ነገ ከነገ ወዲያም ሰው ላይ ይወድቃሉ አለ። እውነቱን ልናገር፣ ዘጠነኛዋን ምስጥ ሆዷን በልቷት ነበር። እሷስ ትቆረጥ ቢል ማንም ባልተቀየመው። ግን አንድ ጥርስ ታመመ ተብሎ መንጋጋ ሙሉ ይነቀላል እንዴ?

በምትካቸው ዘንባባ ነው የሚገባው። ለናሙና ብሎ ከመንገዱ ማዶ ሦስት ተከለ። ቁመታቸው እስከ ወገቤ ነው። ቅጠላቸው በሲባጎ ታስሮ ሳየው፣ ያለቀ መጥረጊያ ገልብጠው ያቆሙ ነው የመሰለኝ። አጠገባቸው ደግሞ ትልቅ ሥዕል ሰቀሉ፤ ከተማችን ወደፊት እንዲህ ትሆናለች የሚል። ሰፊ መንገድ፣ ረዣዥም ዘንባባ፣ ሽር ሽር የሚሉ ሰዎች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ሥዕል ግን አያለሁ። ቀረብ ብዬ ባየው ሰዎቹ በሙሉ ካፖርት ለብሰዋል። በእኛ ከተማ!

«ጫንያለው፣ ይኼ የማን አገር ሥዕል ነው?» አልኩት።

«የእኛው ነው እትዬ ወርቅያንጥፉ» አለኝ፣ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ። «ብርዱ ነው ገና ያልደረሰልን።»

ከዚያ ለእድሩ ደብዳቤ መጣ። ጫንያለው የእድሩ ንብረት ጠባቂም ነው፤ የወንበሩም፣ የድስቱም፣ የድንኳኑም ቁልፍ በእሱ እጅ ነው። የእድሩ ጸሐፊ ጮክ ብሎ አነበበልን። «ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከነዋሪው ጋር ምክክር ስለሚደረግ፣ እድሩ ወንበር እንዲያውስና የክብር እንግዶች መቀመጫም አዲስ ከተተከሉት ዛፎች ሥር እንዲዘጋጅ በጥብቅ እናሳስባለን» ይላል። ፊርማ አለው፣ ማህተም አለው። ከአዲሶቹ ዛፎች ሥር ተቀምጠው ፎቶ ሊነሱ ፈልገው ነው። የጻፈው ሰው ከቢሮ ወጥቶ ዛፎቹን አላያቸውም፤ ዛፍ ከተባለ መቼም ጥላ አለው ብሎ ነው። ደብዳቤ ጻፊ ደግሞ ምን በወጣው ወጥቶ ያያል!

ጫንያለው ደብዳቤውን ተቀበለና አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«በጥብቅ ካሉማ በጥብቅ ነው» አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ ጫንያለው ዝም ካለ አንድ ነገር እየሰፋ ነው።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ተባልን፣ ሦስት ሰዓት ተገኘን። እነሱ ስድስት ሰዓት መጡ። በሰዓታቸው ቢመጡ ኖሮ እኔም ዛሬ የማወራው ባልኖረኝ፤ ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ገና ልጅ ናት። ስድስት ሰዓት ላይ ግን እናንተዬ፣ ውሻ እንኳ መንገድ አያቋርጥም።

ፒካፑ ከነመጋዙ መጥቶ ቆመ። ጠዋት ሠራተኞች መጥተው የኒሞቹን ኤክስ በዘይት ቀለም አድሰውት ሄደው ነበር፤ ለፎቶው እንዲደምቅ። ኢንጂነሩ ነጭ ሸሚዙን ግጥም አድርጎ ወረደ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊና ፎቶ አንሺው ተከተሉት። ጫንያለው ሦስት የብረት ወንበሮች ከማዶ፣ ከናሙናዎቹ ሥር፣ እንዴት አሳምሮ ደርድሮ ጠበቃቸው። ሕዝቡ ከወዲህ ከኒሞቹ ሥር በየድንጋዩ ላይ ተቀምጧል።

«ሕዝቡ ለምን ማዶ ቀረ?» አለ ኢንጂነሩ።

«እኛማ የቤት ሰዎች አይደለንም እንዴ ጌታዬ፤ የትም እንሆናለን» አለ ጫንያለው። «የክብሩ ቦታ የእናንተ ነው። ይኸው፣ በደብዳቤዎ መሠረት።» አራት ቦታ የታጠፈውን ወረቀት ዘረጋለት።

ማህተሙ የራሱ መሥሪያ ቤት ነው። ተቀመጠ። ወንበሩ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ሲጠጣ የዋለ ነው፤ ገና ሲነካው ብድግ እንደ ማለት አለና፣ ሰው ሲያየው ጊዜ ጥርሱን ነክሶ ተመለሰ።

ድምፅ ማጉያውን ያዘና ከማዶ ይነግረን ጀመር። ዘመናዊነት አለ፣ ውበት አለ። ኒም የኋላ ቀር ከተማ ዛፍ ነው አለ። በመጨረሻ እጅ አውጥታችሁ ትወስናላችሁ፣ ከዚያ ሥራው ዛሬውኑ ይጀመራል አለን። ዓይናችን ወደ መጋዙ ሄደ። ጫንያለው ከአራተኛው ኒም ሥር ቆሞ እጁን አወጣ።

«ጥያቄ አለኝ ጌታዬ። የአዲሶቹ ጥላ መቼ ይደርሳል?»

«በአሥራ አምስት ዓመት።»

«እስከዚያ እኛ ምን እንሁን?»

«የእናንተ ችግር ይኼ ነው!» አለ ኢንጂነሩ ድምፅ ማጉያው እስኪያፏጭ። «ትዕግሥት የላችሁም! ልማት ትዕግሥት ይፈልጋል። አሥራ አምስት ዓመት ምን አላት? ዓይን ጨፍኖ መግለጥ ናት!»

«ዓይን ጨፍኖ መግለጥ ናት?»

«ናት!»

ጫንያለው የእጅ ሰዓቱን አየና ተቀመጠ። እኔ ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ንግግሩ ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ ግን ነጩ ሸሚዝ ደረቱ ላይ ተጣበቀ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን መጻፉን ትቶ በመዝገቡ ራሱን ከለለ። ፎቶ አንሺው ብልጥ ነው፣ ከሩቅ ይሻላል ብሎ ወደ እኛ ተሻገረ። እኔ ጃንጥላ ይዤ ነበር። ልክ ነው፣ ይዤ ነበር። ተቀምጬባታለኋ፣ እንዳትታይ።

«እንግዲህ...» አለ ኢንጂነሩ ግንባሩን እየጠረገ፣ «ለመደማመጥ እንዲመቸን እኛም ወደዚያ ወደ ኒሙ እንሻገር መሰለኝ።»

አፌ አላስችል አለኝ። «ወየው ልጄን!» አልኩት። «ሰው ላይ ይወድቃሉ ያልከን አንተ አይደለህ? የሰው አደራ ሆነህ መጥተህ ዛፍ ቢጫንህ እናትህን ምን እንላታለን? እዚያው ይሻልሃል የኔ ጌታ፣ እዚያ የሚወድቅ ነገር የለም።»

ሰዉ አፉን በነጠላው ሸፈነ።

«እሺ፣ ድንኳን የላችሁም?» አለ፣ አሁን ልመና በሚመስል ድምፅ።

«አለን እንጂ!» አለ ጫንያለው። «ለመቶ ሰው የሚበቃ። ግን የእድር ድንኳን የሚወጣው ሰው ሲሞት ብቻ ነው፤ መተዳደሪያ ደንባችን ነው። እነዚህ ደግሞ» አለና ኒሞቹን አሳየው፣ «እንደሚያዩዋቸው ገና በሕይወት አሉ። ነገሩ አልቆላቸው ከሆነ ደብቃችሁን ነውና ንገሩን፤ አሁኑኑ አምጥተን እንዘረጋና እናለቅሳለን።»

ከዚያ በኋላ ማን ዝም ይበል! ከአንደኛው ኒም እስከ ዘጠነኛው ሳቅ ሆነ። የፒካፑ ሹፌር ሳይቀር መሪው ላይ ተደፋ። ኢንጂነሩ ጭራሽ በገነ፤ ድምፅ ማጉያውን ወንበሩ ላይ ወርውሮ ብድግ አለ።

«ይኼ ቀልድ አይደለም! እንዴ! በዚህ ፀሐይ ሰው እንዴት ነው የሚቀመጠው?»

ቃሏ ከእሱ አፍ ወጣች፣ እኛ አልጨመርንባትም። ጫንያለው ከጥላው ወጥቶ ቀስ ብሎ መንገዱን ተሻገረ። ከፊቱ ቆሞ ቆቡን አወለቀ፣ ሰዓቱን አየ።

«አይቸኩሉ ኢንጂነር» አለው፣ ልክ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። «ከተቀመጡ ይኸው ሩብ ሰዓትዎ ነው። የቀረችው አሥራ አምስት ዓመት ሩብ ሰዓት ጉዳይ ብቻ ናት። እስቲ ዓይንዎን ጨፈን ያድርጉ፤ ሲገልጡ ጥላው ከተፍ ይላል።»

ኢንጂነሩ ዓይኑን አልጨፈነም። ዞር ብሎ ያቺን በሲባጎ የታሰረች ዘንባባ አያት። ዝቅ ብሎ የራሱን ጥላ አየ፤ እሷም በቀትር ከእግሩ ሥር ገብታ ተደብቃለች። ያን የጋለ ወንበር በራሱ እጅ አንስቶ ተሻገረ፤ ከአራተኛው ኒም ሥር፣ ከጫንያለው ወስፌ አጠገብ አስቀመጠና ጀርባውን ግንዱ ላይ ጥሎ «እፎይ» አለ። የልጁ ደግነት የታየው ያኔ ነው። ነፋሱ ሽው ሲል ፊቱ ተመለሰ። ቅጠሉን ወደ ላይ አየ።

«እሺ፣ እጅ እናስወጣ ወይ?» አለ ጸሐፊው።

«ተው» አለው። «ዘጠነኛዋ የተበላችው ትነሳ፣ የቀሩት ይቆዩ ብለህ ጻፍ።»

እንዳለውም ሆነ። ዘጠነኛዋ ተቆረጠች፣ በቦታዋ ከናሙናዎቹ አንዷ ገባች። ውሃ የሚያጠጣት ራሱ ጫንያለው ነው። ምነው ስትሉት «ትዕግሥት እየተማርኩ ነው» ይላችኋል።

ያን ቀን ኢንጂነሩ ተሰናብቶን ዞር ሲል ግን ምን እንይ፣ ያ ያልደረቀ የዘይት ቀለም ከትከሻ እስከ ወገቡ ነጩ ሸሚዝ ላይ ቀይ ኤክስ ሆኖ ታትሟል። ልንገረው አልኩና፣ መቼም ባለመጋዞቹ ሳይቆርጡት በፊት ያማክሩታል ብዬ ተውኩት።