በጠመኔ የተሣለው አልጋ

አንድ ቀን፣ አዳማ ላይ ቱሪስት በማዞር የሚተዳደር አቶ ይርዳው የሚባል ሰው፣ ተጎታች ላሠራ ብሎ ሾፌሩን ሞላልኝን አስከትሎ ኢፋ ሳልዳቶሬ ከሚባል ብረት በያጅ ግቢ ገባ። ተጎታች ሲባል የስሚንቶ መጫኛው እንዳይመስላችሁ። ይቺኛዋ ሁለት ጎማ ያላት፣ ከላንድክሩዘር ኋላ እየተንገጫገጨች ድንጋዩንም ጭቃውንም የምታልፍ፣ ከደረሱ በኋላ ደግሞ ተዘርግታ መኝታ፣ ኩሽና፣ መታጠቢያ፣ ምኑ ቅጡ፣ ሁሉንም የምትሆን ትንሽዬ ጉድ ናት።

ይህ አቶ ይርዳው እንግዲህ የማያውቀው ነገር የለም። ጎሚስታው ጎማ ሲለጥፍ ከላዩ ቆሞ ያርመዋል። ፀጉር ቆራጩን መቀሱን ተቀብሎ እንዲህ ነው ብሎ ያሳየዋል። ሚስቱ ምጥ ላይ ሳለች አዋላጇን ሊያስተምር ገብቶ በኮሌታው ተይዞ ወጥቷል ይባላል። ሰው ከእሱ የተሻለ ነገር ከነገረው ደግሞ «እኔም ልለው ነበር» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ሐሳቡ የእሱ ነው። እጁስ ቢሉ፣ ለውጭ እንግዳ እንደ ጎርፍ ይፈስሳል፣ ለቤት ሰው ሲሆን ጣቱ ተቆልምሞ ይቀራል።

ሞላልኝ የዚህ ሰው ሾፌርም ነው፣ ወጥ ሠሪም ነው፣ ድንኳን ተካይም ነው። ባለፈው ዓመት እንግዶች ይዞ ቀይ ቀበሮ ሊያሳይ ባሌ፣ ሳኔቲ አምባ ላይ ወጥቶ፣ አራት ሌሊት የመኪናው የፊት ወንበር ላይ እንደ ድመት ተኮራምቶ አደረ። ሳኔቲ ማለት ደግሞ ጠዋት ተነሥተው ጀሪካኑን ሲያዘነብሉት ውሃው አልወጣ የሚልበት፣ በረዶ ሆኖ የሚጠብቅበት አገር ነው። ሲመለስ ሳንባው ተያዘ። ሦስት ሳምንት ተኛ። ሐኪሙ ሲያሰናብተው ሁለተኛ እንዲህ ያለ ብርድ ካገኘህ ወደ እኔ አትምጣ፣ ቀጥታ ወደ ቄሱ ሂድ አለው። ሚስቱ አስካለ ደግሞ የሐኪሙን ያህል እንኳ አልራራችም፤ አልጋ ከሌለ ጉዞ የለም ብላ ቁርጡን ነገረችው። ጉዞ ከሌለ ግን እንጀራ የለም። በአቶ ይርዳው በር ላይ መንጃ ፈቃዱን እንደ ጸሎት መጽሐፍ ታቅፎ የሚጠብቅ ሾፌር ሞልቷል።

አሁን ደግሞ አዲስ እንግዶች፣ ባልና ሚስት፣ ሊመጡ ነው። ጉዞው ያው ሳኔቲ ነው፣ አምስት ሌሊት። ስለዚህ ሞላልኝ የዚያን ዕለት ኢፋ ግቢ የገባው ብረት ሊያይ አይደለም። ከዚያች ተጎታች ላይ ጎኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ሊያገኝ ነው።

ኢፋ በበኩሉ ወረቀት የሚባል ነገር አይወድም። ደንበኛ ሲመጣ ጠመኔውን ከጆሮው ሥር መዝዞ፣ ዕቃውን በልኩ የግቢው ስሚንቶ ላይ ይሥለዋል። ደንበኛው በር ነው በተባለው በኩል ይገባል፣ ውስጡ ይንጎራደዳል፣ ጠበበኝ ሰፋኝ ይላል፣ ይደመሰሳል፣ ይሣላል። ደንበኛው ይሁን እስኪል አንድ ብረት አይቆረጥም። ከተቆረጠ በኋላ ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ኢፋ አባቱ ከመቃብር ተነሥተው ቢለምኑት ጣት ታህል አያነቃንቅም።

በግቢው ጥግ አባባ ሽብሩ የሚባሉ ሽማግሌ የበራቸው ማጠፊያ እስኪበየድላቸው ድረስ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ባርኔጣቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ከዚያ የተሻለ ቲያትር በከተማው አልነበረምና፣ ማጠፊያው ሲያልቅም አልተነሡም።

ተጀመረ። አቶ ይርዳው ስልኩን አውጥቶ የፈረንጅ አገር ተጎታች ፎቶ በፎቶ ያሳያል፣ ኢፋ ይሥላል። በመጀመሪያ ጎማው። አቶ ይርዳው ትንንሽና የሚያብለጨልጭ ይሁንልኝ አለ። ኢፋ የለም፣ የመኪናው ጎማ ዓይነት ይሁን፣ አንዱ ቢፈነዳ በአንድ ትርፍ ጎማ ለመኪናውም ለተጎታቿም ትድናላችሁ፣ ትንሹማ ድንጋይ ላይ ወገቧን ያሳርፋታል አለው። አቶ ይርዳው ስልኩን አየ፣ የተሣለውን ጎማ አየ። ከዚያ «እኔም ልለው ነበር» አለ። ሸክሙን ከጎማው በላይ የሚይዘው ባሌስትራ ድርብ እንዲሆንም እንዲሁ ሊለው ነበር። ታቹ ከመሬት ከፍ እንዲልም ሊለው ነበር። አባባ ሽብሩ ባርኔጣቸው ውስጥ ሳቁ።

ከጣሪያው ላይ መሰላል ያለው ድንኳን ተሣለ፤ እሱ የእንግዶቹ ነው። ከኋላ እንደ መሳቢያ ተስቦ የሚወጣ ኩሽና ተሣለ። ከጎን የውሃ ታንከር፣ አጠገቡ መጋረጃ ያለው መታጠቢያ፣ ከላይ ሶላር፣ ከወዲህ ደግሞ ተጎትቶ ጥላ የሚሆን ሸራ። ፍሪጅ ገባ። ለብርጭቆ ብቻ የሚሆን ሳጥን ገባ። ውስጧ ላይ አንድ ወፍራም ፍራሽ ተሣለ፤ ይሄስ የማን ነው ቢባል፣ የአቶ ይርዳው ነው። መታጠቢያው እንዴት እንደሚከፈት ለእንግዶቹ የሚያስረዳ አዋቂ ያስፈልጋልና አብሮ ሊሄድ ነው። ልኩን ልየው ብሎ ከነኮቱ ስሚንቶው ላይ ተዘረጋ፣ ወዲህ ተገላበጠ፣ ወዲያ ተገላበጠ፣ ጀርባው አቧራ ለብሶ ተነሣ። ተስማማኝ አለ።

ሞላልኝ ይሄን ሁሉ ሲያይ አላስቻለውም። መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ፣ ለብርጭቆ ማደሪያ ከተገኘ ለእኔስ ምን ታስቧል ብሎ በትሕትና ጠየቀ።

ኢፋ የገባው ሰው ነው። ከፊት በኩል፣ ከመጎተቻው ብረት በላይ፣ ባዶ ቦታ ቀርቶ ነበር። እዚያ ላይ ረዘም ያለ ሳጥን ሣለ። ክዳኑ ሲከፈት የሚዘረጋ፣ ከላዩ ሸራ የሚለብስ፣ ለአንድ ሰው የሚሆን አልጋ ይወጣዋል አለ። ኢፋ አፉን ሳይዘጋ ሞላልኝ ጫማውን አውልቆ ጠመኔው ውስጥ ገብቶ ተኝቷል፤ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ዓይኑን ከድኖ፣ ልኬ ነው፣ እንዲያውም እግሬን የምዘረጋበት ተርፎኛል ይላል።

አቶ ይርዳው አስነሣው። ከዚያ በጫማው ሶል አልጋውን ፈግፍጎ አጠፋውና ይህ ቦታ የሁለተኛው ፍሪጅ ነው አለ።

«ሁለተኛ ፍሪጅ?» አለ ኢፋ።

አንዱ ለሥጋ፣ አንዱ ለመጠጥ ነዋ። ቢራ ከሥጋ ጋር አይቀመጥም፣ በሠለጠነው አገር እንዲህ ነው አለ አቶ ይርዳው። ሞላልኝ ሳኔቲ እኮ ራሷ ፍሪጅ ናት፣ ጋሼ፣ እዚያ የሚቸግረው ማቀዝቀዝ ሳይሆን ማሞቅ ነው፣ ባለፈው እንቁላሉን በመዶሻ ነበር የሰበርኩት አለው። አቶ ይርዳው ቴክኖሎጂ አይገባህም አለው። ኢፋ ቀስ ብሎ አልጋውን መልሶ ሣለ፤ አቶ ይርዳው መልሶ በጫማው ፈገፈገ። ሞላልኝ ጠመኔውን ተቀብሎ ራሱ ሣለ፤ እሱም ተፈገፈገ። በሦስተኛው የሰውዬው ጥቁር ጫማ ዱቄት ቤት የዋለ መሰለ።

ሞላልኝ በዚህ ጊዜ ደረቱ ከአሁኑ ብርድ ብርድ አለው። የሐኪሙን ቃል ተናገረ። አስካለ ያለችውንም ሳይደብቅ ተናገረ። ብየዳው ቆመ፤ የኢፋ ሠራተኞች መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያዳምጣሉ። ሰው ሁሉ ሲያየው አቶ ይርዳው ጨካኝ መባሉን አልወደደም። ስለዚህ እንደ ልማዱ ሊያስተምር ቆመ።

የመኪናው የፊት ወንበር ማለት፣ አለ፣ ቆዳ ነው። ወደ ኋላ ይተኛል። መስኮቱ ይዘጋል። ሬዲዮ አለው። ለወገብ ፍቱን ነው፣ እሱ ራሱ አንብቧል። ተጎታቿ ውስጥ ያለው ፍራሽ ምን አለው? ምንም። ባለፈው የታመምከው አተኛኘት ስለማታውቅ ነው እንጂ ወንበሩ ምን ያድርግህ አለው። በመጨረሻም እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ፦

«ሁለቱ መኝታዎች እኩል ናቸው፣ ሞላልኝ። እንዲያውም እውነቱን ንገረን ካላችሁ የወንበሩ ይበልጣል። እኔ ግን ለራሴ ሳላደላ የተሻለውን ለአንተ ትቼልሃለሁ፤ መናኛው ለእኔ ይሁን» አለ።

እንግዲህ ምን ይባላል? ከተሻለ ይውሰዱት እንዳይለው፣ ሰውዬው በቸርነት በሩን ዘግቶታል። ኢፋ ጠመኔውን ጆሮው ሥር መለሰ። ሞላልኝ ስሚንቶው ላይ የቀረውን ነጭ ጭላጭ ጥቂት አየና ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ግን እርስዎ በየፋሲካው ቅርጫ ይገባሉ። ሥጋውን መድቦ ሲያበቃ ‹ጥሩው ለአንተ፣ መናኛው ለእኔ› የሚል ሰው አይተው ያውቃሉ? የመደበ ሰው ዕጣው እስኪወጣ አፉን ይዘጋል እንጂ አይመርጥም፣ አያስመርጥም። እኩል አድርገው መድበዋል፤ አሁን ቁልፍዎን ለዕጣ ይወርውሩና የሁለታችንን ዕጣ አባባ ሽብሩ ያውጡልን።»

ከዚያ አንዱ ሠራተኛ ሳቁን ሊይዝ ሲል በአፍንጫው አመለጠው።

አባባ ሽብሩ ማንም ሳይጠራቸው ከባልዲው ተነሥተው መጥተዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደ ሳህን ዘረጉ። ሞላልኝ ከመሬት አንድ ቆርኪ አንሥቶ ጣለበት። ባርኔጣው ወደ አቶ ይርዳው ዞረ።

አቶ ይርዳው ቅርጫ ለሥጋ ነው ብሎ ጀመረ። አባባ ሽብሩ፣ ሰባ ዓመት ሙሉ ቅርጫ ሲገቡ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ቅርጫው ለሥጋ ነው፣ ደንቡ ግን ለሰው ነው አሉት፤ እኩል ያልከው አንተ፣ የሰማነው እኛ። ሰውዬው ወደ ኢፋ ዞረ፤ ኢፋ ሰማይ ሰማይ ያያል። ወደ ሠራተኞቹ ዞረ፤ መነጽራቸውን እየወለወሉ ነው። እኩል አይደሉም እንዳይል፣ ተሳስቻለሁ የሚል ቃል ከተወለደ ጀምሮ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ዕጣው ይውጣ እንዳይል፣ አምስት ሌሊት ሳኔቲ ላይ መሪ ታቅፎ ሲያድር ታየው። ያ ለወገብ ፍቱን የሆነው ወንበር በአንዴ ከበረዶ የተጠረበ ድንጋይ መሰለው።

ጉሮሮውን ጠረገ። እንግዲህ ሁለተኛው ፍሪጅ ክብደት ያበዛል፣ ባሌስትራውን ይጎዳል፣ እኔም ቅድም ጀምሮ ሳስበው ነበር አለ። ለኢፋም ደምስሰውና አልጋውን ሣለው፣ ግን ጠበብ ይበል፣ ለእሱ ይበቃዋል፣ ፍራሹም ሁለት ጣት ከሆነ ደኅና ነው አለው። ኢፋ ሣለ። ሞላልኝ ገብቶ ተኛ፤ ትከሻው በሁለቱም ወገን ከጠመኔው ውጭ ቀረ።

አቶ ይርዳው ነገሩ አለቀ ብሎ ኮቱን እያራገፈ ወደ በሩ ሲያመራ፣ ባርኔጣው መንገዱ ላይ ተዘርግቶ ቆሞ አገኘው።

«አባባ፣ አልጋ ሰጠሁት እኮ። ምን ቀረ?»

«ድርሻው ተለወጠ እንጂ ዕጣው መች ወጣ፣ ልጄ?» አሉ አባባ ሽብሩ። «አሁንም የመደብከው አንተ ነህ። ተጎታቿ ስታልቅ፣ እዚሁ፣ ሁላችን ባለንበት እንጥለዋለን። ቁልፍህን አስቀምጥ።»

አቶ ይርዳው ባርኔጣውን አየ። ቆርኪዋን አየ። ከዚያ ዞሮ ያቺን ጠባብ አልጋ፣ የሞላልኝንም ትከሻ አየ። አንዱን ቁልፍ ከቀለበቱ ፈትቶ ባርኔጣው ውስጥ ጣለና ተመልሶ ገባ። ከኢፋ ጆሮ ሥር ጠመኔውን መዝዞ፣ ከነኮቱ ተንበርክኮ፣ የአልጋውን ጠርዝ በገዛ እጁ በወዲህም በወዲያም አንድ አንድ ስንዝር አሰፋው።

«ፍራሹ እንደ ውስጠኛው ይወፍር» አለ ቀና ሳይል። «ሸራው ድርብ ይሁን፣ ዙሪያው ነፋስ እንዳያስገባ ጎማ ይግባበት። ብርድ ልብስ ማስቀመጫም አትርሳ፣ ለእኔ ቢወጣስ?»