«ቀስ በይ»ን ማን ይምራት?

በአንድ ወቅት ጣና ላይ ሞተር የሌላት ጀልባ ነበረች። ስሟ «ቀስ በይ» ነው። ሌሎቹ ጀልባዎች እየተንደቀደቁ ሲያልፏት እሷ ሸራዋን ወጥራ፣ አራት እንግዳ ይዛ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከደሴት ደሴት ትዞራለች። እንግዶቿም ቶሎ እንድረስ የሚሉ አልነበሩም። ወፍ ጎጆው ላይ እንደተኛ፣ አርጃኖ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ጉማሬ ከነግልገሉ ለማየት የሚመጡ ናቸው። ድምፅ የላትምና አውሬው አይሸሻትም። ሙያዋ ይኸው ብቻ ነበር፤ ግን ይህን ሙያ ከእሷ በቀር የቻለበት ጀልባ በሐይቁ ላይ አልነበረም።

የሠሯት አያ ይርሳው ናቸው። ሠርተውም ሠላሳ ዓመት መሪዋን ይዘዋል። የመሪው እጀታ ከወይራ የተጠረበ ነው፤ መዳፋቸው የሚያርፍበት ቦታ ከመያዝ ብዛት ጎድጉዷል። ስማቸው ይርሳው ይባል እንጂ ሰውየው የሚረሱ ዓይነት አልነበሩም። እንዲያውም መርሳት ቢችሉ ይሻላቸው ነበር።

ሦስት ልጆች አሳድገዋል። ስሜነህና ሽታዬ የራሳቸው ናቸው፤ ደሴ የሟች ወንድማቸው ልጅ ነው፣ ግን ከማዕዳቸው ለይተውት አያውቁም። ትልቁ ስሜነህ ነፋስ ያውቃል። ጉንጩን ወደ ውሃው መለስ ያደርግና «አሁን በዘጌ በኩል ይነሣል» ይላል፤ ይነሣል። ሽታዬ ጆሮ ናት። ጭጋግ ውስጥ ሆና ወፉን ሳታይ በድምፁ ትለየዋለች፤ ወንዱን ከሴቷ፣ የራበውን ከጠገበው። ደሴ ደግሞ እጅ ነው። ሸራ ሲቀደድ የሚሰፋ፣ ገመድ ከሥር ሲተበተብ ቢላውን በጥርሱ ነክሶ የሚጠልቅ እሱ ነው።

የሦስቱም ልብ ግን አንድ ነገር ላይ ነበር፤ መሪው ላይ። መሪውን የያዘ ጀልባዋን ያዘ ማለት ነው። ገበታ ላይ በተቀመጡ ቁጥር የመሪው ነገር ይነሣል።

«ነፋስ የማያውቅ ሰው ምኑን ይመራል?» ይላል ስሜነህ።

«አንተ ነፋስህን ስትከተል ወፎቹን ትረግጣለህ» ትለዋለች ሽታዬ።

«ተዉት ባካችሁ፤ መከራ ሲመጣ የምትጠሩት እኔን ነው» ይላል ደሴ፣ አፉ ሙሉ እንጀራ እንደሆነ።

አያ ይርሳው «ለመስቀል ለአንዳችሁ አስረክባለሁ» ይላሉ። መስቀል ይመጣል፣ ደመራው ይነዳል፣ መሪው ግን ያው እሳቸው እጅ ነው። ሁለት መስቀል እንዲህ አለፈ።

ለማንም ያልነገሩትን ምክንያት እኔ ልንገራችሁ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበር። ሐይቁ ለእሳቸው ጉም ነው፣ ደሴቱም ጉም፣ የልጆቻቸውም ፊት ጉም። ጀልባዋን የሚነዷት በጆሯቸው፣ አንገታቸው ላይ በሚያርፈው ነፋስና በልጆቹ ጥሪ ነበር። ቢናገሩ በዚያው ዕለት መሪውን ተቀብለው ደጃፍ ላይ እንደሚያስቀምጧቸው ያውቃሉ። ደጃፍ መቀመጥን ፈሩ። ሰው ናቸው፣ ምን ይደረግ። «አንድ ዓመት ብቻ» አሉ ለራሳቸው። በሚቀጥለውም ዓመት «አንድ ዓመት ብቻ» አሉ።

አሁን አንድ የጀልባዋን ሕግ ማወቅ አለባችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በእሱ ነውና። «ቀስ በይ» ላይ ጉማሬ በስሙ አይጠራም። ውሃ ላይ ስሙን ከጠሩት ይመጣል ይባላል። ስለዚህ «ባለቤቱ» ይሉታል፤ ሐይቁ ቤቱ ነዋ። እንግዳ ሲሳፈርም ይህ ይነገረዋል። «ባለቤቱ» የሚል ድምፅ ከተሰማ መሪ የያዘው ሰው ጀልባዋን ወዲያው ከዚያ ያርቃል። አይጠይቅም፣ አያመነታም። መሪ በያዘ ሰው እጅ ላይም ማንም እጁን አያሳርፍም። በዚህ ሕግ ሠላሳ ዓመት አንድ ሰው አልተጎዳም።

የዚያን ዓመት ጥቅምት ላይ ሁለት እንግዶች ብቻ ተሳፈሩ፤ መምህሩ አቶ ኅሩይና ሚስታቸው ወይዘሮ ማኅደር። ሕጉ ሲነገራቸው አቶ ኅሩይ ሳቁ።

«እንግዲህ ማኅደር፣ ሁለት ባለቤት ሊኖርሽ ነው።»

«ኧረ አንዱም በዝቶብኛል» አለች።

ጀልባዋ ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቁት አያ ይርሳው ነበሩ። ያ ሳቅ ዛሬም ይቆጫቸዋል፤ ነገሩ እዚያው ፊታቸው ተቀምጦ ነበር፣ እሳቸው ግን ሳቁበት።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነጮ ደረሱ። ነጮ ከአንድ አውድማ ብዙም የማትበልጥ ዝቅ ያለች ደሴት ናት። ፔሊካኖችና ሳቢሳዎች ከጥግ እስከ ጥግ ጎጆ ሠርተውባት ከሩቅ ዱቄት የተደፋባት ትመስላለች። ወፎቹ እንቁላል የታቀፉበት ሰሞን ነበር፤ በዚህ ሰሞን «ቀስ በይ» አትጠጋም። ራቅ ብላ ሸራዋን አላልታ ቆመች።

አቶ ኅሩይ ግን ከደሴቲቱ ማዶ፣ ሸምበቆው ዳር፣ አንድ ጎጆ ዓይናቸው ገባ። ፎቶ ካላነሣሁ ሞቼ እገኛለሁ አሉ። ከጀልባዋ ኋላ ትንሽ የደንገል ታንኳ ትጎተታለች፤ እሷን ስጠኝ ብለው ደሴን ለመኑት። ደሴ አጎቱን ቢጠይቅ እንደማይፈቅዱ ያውቃል። ስለዚህ አልጠየቀም። «ሸምበቆው ውስጥ ብቻ እንዳይገቡ» አለና በቀኝ እጁ ገመዱን ፈታላቸው። ከዚያ ሰርጎ የገባውን ውሃ ሊቀዳ መቅጃ ቆርቆሮውን ይዞ ወደ ታች ወረደ። ታንኳዋ አያ ይርሳውን በክንድ ርቀት አልፋ ሄደች። አላዩም። እንዴት ብለው ይዩ?

ሰውየው ሸምበቆው ውስጥ ገቡ፤ የተከለከለ ነገር ይጥማል። ካሜራቸውን ቀና ሲያደርጉ ታንኳዋ ከሥራቸው ተገለበጠች። ዋና አያውቁም። ማኅደር ከጀልባዋ ጠርዝ ላይ ሆና ጮኸች።

«ባለቤቴ! ባለቤቴ ሸምበቆው ውስጥ ነው!»

ነፋስ ነበር፣ ሸራው ይርገፈገፋል፣ ወፎቹ ይንጫጫሉ። አያ ይርሳው የሰሙት «ባለቤቱ ሸምበቆው ውስጥ ነው» የሚል ነው። እጃቸው ከሐሳባቸው ቀድሞ መሪውን አዞረ። «ሸራ ሳብ!» አሉ። ስሜነህ ከሸራው ማዶ ሆኖ ምንም አላየም፤ ትእዛዝ ነውና ሳበ። «ቀስ በይ» ውሃ ለሚጠጣው ሰው ጀርባዋን ሰጥታ መራቅ ጀመረች።

ከዚህ በኋላ ሦስቱ ልጆች ያደረጉትን በየተራ ልንገራችሁ፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።

ሽታዬ ከጀልባዋ ፊት ተቀምጣ ነበር። የሰማችው «ቱ» ሳይሆን «ቴ» ነው። «አባዬ፣ ባልየው ናቸው፤ ይመልሱ» አለች። አባቷ «ባለቤቱ ተብሏል» አሉና እጀታውን ጨበጡት። ሄዳ የአባቷን ጣቶች አንድ በአንድ ከእጀታው አላቀቀች። ታገሏት። ገፋቻቸው፤ ወለሉ ላይ ወደቁ፤ ጀልባዋን አዞረች። በዚያ ሐይቅ ዙሪያ አባቱን ከመሪ ላይ ገፍቶ የጣለ ልጅ ተሰምቶ አይታወቅም። እሷ ባታዞር ግን አቶ ኅሩይ ብቻቸውን ይሞቱ ነበር።

ስሜነህ ጀልባዋ ስትዞር ሁሉን አየ፤ ሰውየው ብቅ ይላሉ፣ ይጠልቃሉ። ደሴቲቱን ዞሮ ለመድረስ ነፋሱ አይፈቅድም። አንድ አጭር መንገድ ብቻ አለ፤ በነጮ ዳር፣ ውሃው ጉልበት በማይሞላበት፣ ጎጆዎቹ በተደረደሩበት አሸዋ ላይ። የጀልባዋ ሆድ ጠፍጣፋ ነው፤ ነፋስ ካገዛት ታልፋለች። ጉንጩን አዙሮ ጠበቀ፣ ነፋሱ ሲበረታ ሸራውን ሙሉ ወጠረና «ቀጥ አድርጊያት» አላት እህቱን። «ቀስ በይ» እንቁላሉን እያደቀቀች አለፈች። ወፎቹ በአንዴ ተነሡ። የተረፈውን እንቁላል እስኪመሽ ቁራና አሞራ ጨረሰው። እሱ ያን መንገድ ባይመርጥ ግን አስከሬን ላይ ይደርሱ ነበር።

ደሴ ጀልባዋ ስትናጥ ከታች ወጣ፤ ቆርቆሮው እጁ ላይ ነው። ሸምበቆው ውስጥ ደግሞ፣ የአያ ይርሳው ጆሮ ይሳሳት እንጂ፣ በእውነትም ባለቤቱ ነበረች፤ ከነግልገሏ። ውሃው ከሰውየው በስተኋላ ያብጥ ጀመር። ደሴ ዘለለ። በሰውየውና በእሷ መካከል ገብቶ በቆርቆሮው ውሃውን እየደበደበ ወደ ራሱ ሳባት፤ በግራ እጁ ሰውየውን ወደ ጀልባዋ ገፋቸው። ቀኝ እጁን ጥርሷ አገኘው። እጁ ተረፈ፣ ጣቶቹ ግን ዳግመኛ አልጨበጡም። ታንኳዋን የፈታው ያው እጅ ነው። እሱ ባይገባ ኖሮ ግን አቶ ኅሩይ ከጉማሬዋ አያመልጡም ነበር።

ሰውየው ዳኑ። ካሜራቸው ሐይቁ ውስጥ ቀረ። ሲለያዩ፣ መሪው ላይ የሆነውን ያላየችው ማኅደር አያ ይርሳውን አቅፋ አለቀሰች፤ «ጩኸቴን ሰምተው ባይመልሷት ኖሮ» አለቻቸው። በሕይወታቸው እንደዚያ የከበዳቸው ምስጋና የለም።

ያን ቀን ማታ ለልጆቻቸው ተናገሩ። «ዓይኔ ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፎታል» አሉ። «ለጉማሬ ስም አውጥቼ አስተማርኳችሁ፤ ‹አላይም› የሚል አንድ ቃል ግን ከአፌ አልወጣ አለ። ያኔ ብናገር ኖሮ ሽታዬ እጇን አታነሣብኝም፣ ወፎቹም አይሄዱም፣ ደሴም እጁ አይጠፋም።» ማንም «አይዞዎት» አላላቸውም። እውነት ነበራ።

መሪዋን የሚይዝ ጠፍቶ «ቀስ በይ» ዳር ላይ ተጎትታ ወጣች። ወፎቹም ወደ ነጮ አልተመለሱም። ክረምቱ ኩሳቸውን ከደሴቲቱ ላይ አጠበውና ጥቁር ድንጋይ ሆነች። ሽታዬ አንዳንድ ጠዋት ዳር ላይ ቆማ ታዳምጣለች፤ ከዚያ በኩል ምንም አይሰማም። ጀልባዋም ከውሃ ውጭ ስትከርም እንጨቷ መሰነጣጠቅ ጀመረ። ሞተር ጀልባ ያለው አንድ ሰው መጥቶ «ለመስቀል ወደ ውሃ የሚመልሳት ከሌለ ለእኔ ስጡኝ፤ ሞተር እገጥምላታለሁ» አለ። ክፉ ሰው አይደለም፣ አይፈረድበትም። ግን ሞተር ከገባላት «ቀስ በይ» አበቃላት፤ ሞተሩ ወፉን ያባርርና ከነጮ ሌላ የቀሩት ደሴቶችም ዝም ይላሉ።

መስቀል አንድ ቀን ሲቀረው አያ ይርሳው እጀታውን ከመሪው ነቅለው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጀልባዋ ሥር ተቀመጡ። ሦስቱን ጠሯቸው። ድሮ «ለእኔ ነው» ብለው ገበታ የሚያናጉት ልጆች አሁን ሌላ ሆነዋል።

«ለእኔ አይሆንም» አለ ስሜነህ። «ወደ ነጮ ስሄድ ወፎቹ ምን ይሉኛል?»

«እኔ እርስዎን የጣልኩበት እጀታ ነው፤ አልነካውም» አለች ሽታዬ።

ደሴ እጁን ከጋቢው ሥር ደበቀ። «እኔማ ብፈልግስ በምኔ እይዘዋለሁ?»

አያ ይርሳው እጀታውን መሬት ላይ አኖሩ። «እጃችሁን አምጡ» አሉ።

አመጡ። የመጀመሪያውን ዳሰሱት፤ ገመድ የቆረጠው፣ ደረቅ፣ የስሜነህ ነው። ሁለተኛውን ሲነኩት ጣቶቻቸው ፈጥነው አወቁት፤ አንድ በአንድ ያላቀቃቸው ቀጭን እጅ ነው። ሦስተኛውን ለመጨበጥ ጣቶቹን ራሳቸው አጠፉለት፤ ሲለቁት ተመልሶ ተዘረጋ። ከሦስቱ አንዱም እጅ ወደ ኋላ አልሸሸም። አልፈልግም ያሉት ሁሉ ይፈልጋሉ፤ ዓይን ባይኖራቸውም ይኼንን አላጡትም። ባለ ሞተሩ ሰውዬ ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። አባቷን ጥላ ሰው ያዳነችው አለች፤ ወፎቹን አባርሮ ሰው ያዳነው አለ፤ በደበቀው ስሕተት የመጣውን አደጋ በራሱ እጅ የከፈለው አለ። አያ ይርሳው እጀታውን አንሥተዋል፤ የማንንም ፊት አያዩም። መሪው የሚገባው ለማን ነው?