አያ ጅቦ ያስወሰነው ፍርድ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ገና ሲገባ፣ እመት አህይት ከነውርንጭላዋ ዶፍ ዝናብ ያዛትና ያገኘችው ዋሻ ውስጥ ተጠለለች። ዋሻው የአያ ጅቦ መሆኑን አላወቀችም። ሲያባራ እሷ ቀድማ ወጣች፤ ውርንጭላው ሊከተላት ሲል ግን ባለቤቱ ከሄደበት ተመልሶ ደጃፉን ዘጋው።

«በቤቴ የተገኘ የኔ ነው» አለ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ።

እናቲቱ ጮኸች፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። ነገሩ የሰፈሩ ዳኛ እመት ጦጣ ዘንድ ቀረበ። ጦጣም «እንግዳ ንብረት አይደለም» ብላ ለአህይት ፈረደች። አያ ጅቦ ግን አፉ የደረሰ ሥጋ እንዴት ይቅርበት? ለቀበሮ የውርንጭላውን አንድ ታፋ ሊሰጣት ቃል ገብቶ ጠበቃ አቆማትና ከሁሉ በላይ ወደሆነው ወደ አንበሳ ችሎት ይግባኝ አለ። ውርንጭላው ነገሩ እስኪያልቅ ዝሆን ዘንድ እንዲቆይ ተደረገ።

«ክቡር ዳኛ» አለች ቀበሮ በችሎቱ ፊት፣ «ዛሬ አህያ ሳታስፈቅድ የጅብ ዋሻ ከገባች፣ ነገ ደግሞ አይጥ የእርስዎን ዋሻ ቤቴ ብላ ትገባለች።»

አንበሳ ለጅብ ዋሻ ደንታም አልነበረው። ስለ ራሱ ዋሻ ግን ጥቂት አሰበና የጦጣን ፍርድ ሻረው። «ሳይጋበዝ በሌላው ቤት የተጠለለ የባለቤቱ ነው።»

«ልጄ እኮ ነው፤ እንግዳ ንብረት አይደለም» አለች አህይት።

አንበሳ እንዳልሰማ ሆኖ ቀጠለ። «ይህ ፍርድ ለጅብ ብቻ አይደለም። ከእንግዲህ ማንኛውም ዳኛ ተመሳሳይ ነገር ሲቀርብለት በዚሁ ይፈርዳል። የሚጸናው ግን ቁራ እስከ ጫካው ዳር ድረስ ለፍፎ ሲጨርስ ነው።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር አያ ጅቦ ጆሮ የገባው «ለጅብ» የሚለው ብቻ ነበር።

ቁራ እንደ ልማዱ ከዛፍ ዛፍ እያረፈ፣ ካገኘው ሁሉ ጋር እየተጨዋወተ ይለፍፋል። ጅቦን ሆዱ አላስቆም አለው። «እባክህ ቁራው፣ ፈጠን በል» እያለ ከሥር ከሥሩ ይሮጥ ጀመር። መጨረሻ የቀረው ገደሉ አካባቢ ነበር። እዚያ ሲደርሱ ዝናቡ ዶፉን አወረደው። ጅቦ ፊቱ ያገኘው ዋሻ ውስጥ ዘሎ ገባና አንገቱን ብቻ ብቅ አድርጎ «ለፍፍ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለ።

ቁራ ለፈፈ። ፍርዱ ጸና።

ከበስተኋላ ነብር ጉሮሮውን ጠረገ። «አያ ጅቦ፣ ማን ጋበዘህ?»

«ኧረ ዝናብ ነው ጌታዬ፣ አሁን እወጣለሁ።»

«የት ትወጣለህ? የኔ ነህ። ሥጋህ እንኳ አይበላም፤ ቆዳህ ግን ጥሩ አጎዛ ይወጣዋል።»

በማግስቱ ጦጣ ፊት ቀረቡ። ጅቦ ዞር ሲል ከነብር ጎን የቆመችው ጠበቃ ቀበሮ ናት።

«አንቺ የኔ ጠበቃ አልነበርሽም እንዴ?»

«እኔ ለፍርዱ ነው የምቆመው፤ ፍርዱ ደግሞ ትናንት ነብር ቤት አደረ» አለች ቀበሮ።

«እኔ ምን ላድርግ፣ ላይኛው ችሎት ወስኗል» አለች ጦጣም፤ ለነብር ፈረደች። ጅቦ አንበሳ ዘንድ ይግባኝ አለ።

አንበሳ አዛጋ። «ያንን ፍርድ የሚለውጠው ይኸው ችሎት ብቻ ነው። ከለወጥነው ግን ለሁሉም ነው፤ ውርንጭላውም ለእናቱ ይመለሳል። ምን ትላለህ?»

ጅቦ ዝሆን አጠገብ የቆመውን ውርንጭላ አየ። ዝሆን በደንብ ቀልቦታል፤ ወፍሯል። ዞር ሲል ነብር ጀርባውን ከአንገት እስከ ጭራ በዓይኑ ይለካል።

«እንግዳ ንብረት አይደለም» አለ በመጨረሻ፣ ከአፉ እንደሚነጥቁት እያማጠ።

«ጮክ በል፤ ቁራ ይስማህ።»

«እንግዳ ንብረት አይደለም።»

አንበሳ የቀድሞውን ፍርድ ሻረ። እመት አህይት ልጇን ላሰችው፤ ከፊቷ አስቀድማው ስትሄድ ጅቦ ዘንድ ስትደርስ ቆም አለች።

«እግዜር ይስጥህ አያ ጅቦ» አለችው። «እኔ ስለው ማንም አልሰማኝም ነበር።»

ከዚህ የምንማረው፣ ከሁሉ በላይ ያለው ችሎት ለአንዱ የፈረደው ለሁሉም ሕግ ስለሚሆን፣ ፍርድ ስንለምን ዛሬ ባላጋራችን በቆመበት ቦታ ነገ እኛ ልንቆም እንደምንችል ማሰብ እንዳለብን ነው።