የማይወልቀው ሰንሰለት

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ፣ ደረበ ጥያቄውን ጨርሶ ትንፋሹን ሳይሰበስብ። ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው፤ ምክር ፈልጎ ለመጣ ሰው ምክር አይሰጡም፣ ተረት ይጀምሩበታል እንጂ። የደረበ ጥያቄ አጭር ነበር። ልጁ ፍሬሕይወት አንድ ቀን ከጓደኛዋ ቤት አምሽታ ገባች። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት በቀር የትም እንዳትሄድ ከለከላት። አሁን ደግሞ አታናግረውም። «ምን አጠፋሁ?» ነው የሚለው።

ሰውዬው ብስክሌት ነጂ ነው። ቀበሌው ለከተማው ውድድር መርጦታል፤ እሱም «አንደኛ ካልወጣሁ ምን አለ በሉኝ» እያለ ሰፈሩን አደንቁሯል። አንድ ቀን በገበያ መሃል ወደ ትልቁ ማርሽ ሲቀይር ሰንሰለቱ ማርሹን አልፎ ወደ ውጭ ወለቀ። ፔዳሉ ባዶውን ዞረና ሰውዬው የቲማቲም ክምር ላይ ተዘረጋ። የባለቲማቲሟ ስድብ እስኪመሽ ጆሮው ውስጥ ቆየ።

ሰንሰለቱን ከማርሽ ወደ ማርሽ በሚገፋው ብረት ላይ ሁለት ትናንሽ ብሎኖች አሉ። አንዷ ብረቱ ወደ ውስጥ፣ ሌላዋ ወደ ውጭ ከልኩ እንዳያልፍ ትገታዋለች። የውጭዋ ላልታ ኖሮ ጥቂት ማጥበቅ ይበቃት ነበር። ነገር ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ሰውዬው ካቻቢቴውን ይዞ እስክትጮኽ ድረስ አጠበቃት። ብረቱም ሰንሰለቱን ትልቁ ማርሽ ላይ ማድረስ አቃተው። ሚስቱ «አሁንስ አልበዛም?» ብትለው፣ «አንቺ ቲማቲም ላይ አልወደቅሽም» አላት።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። ለጥ ባለው መንገድ ላይ ሌሎቹ ወደ ትልቁ ማርሽ ቀይረው ነጎዱ። የእሱ ሰንሰለት ትንሹ ላይ ቀረ። እግሩ እንደ ስፌት መኪና መርፌ ይርገበገባል፣ ብስክሌቱ ግን ያዘግማል። በውድድሩ ውስጥ የሌለ፣ መሪው ላይ ዶሮ ያንጠለጠለ ነጋዴ በብስክሌት ደረሰበት። «ወንድሜ፣ ምን እንዲህ ያጣድፍሃል?» ብሎት አለፈ። ዶሮዎቹ ዘወር ዘወር እያሉ አዩት።

መጨረሻው ጋ ሲደርስ ሕዝቡ ተበትኖ፣ ዳኞቹ ወንበራቸውን ሰብስበው ሄደዋል። የቆመችው ሚስቱ ብቻ ናት። ወርዶ ላቡን ጠረገና ደረቱን ነፋ።

«አየሽ?» አላት፤ «አንዴም አልወለቀም።»

ደረበ ከት ብሎ ሳቀ። ጋሽ ልሳነወርቅ አልሳቁም።

«ያ ሰው አንተ ነህ፣ ደረበ» አሉት። «ብሎኗ የተሠራችው ሰንሰለቱ ማርሹን እንዳያልፍ ነው፣ ማርሹ ላይ እንዳይወጣ አይደለም። አንተም "ልጄ በሰዓቷ ትገባለች" ብለህ ደረትህን ትነፋለህ። እውነት ነው፣ ትገባለች። እንደዚያ ሰው ከእኩዮቿ ወደ ኋላ መቅረቷን ግን አላየህም። ብሎኗን ነቅለህ ጣላት አልልህም። ጥቂት አላላት፤ ከዚያ ስትሄድ እያት። ካለፈች መልሰህ ታጠብቃለህ። እጅህ ብቻ አይቸኩል፤ አባትነት ይኸው ነው።»

ደረበ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ሲመጣ እንዲፈረድለት ነበር የፈለገው፤ አሁን ፈራ።

«ብትወድቅስ ጋሼ?»

«ትወድቅ ይሆናል። የወደቀ ልጅ ወደ አባቱ ይሮጣል። ዛሬ ብትወድቅ ግን፣ ፍሬሕይወት ለአንተ አትነግርህም።»