ከአራብሳ የተላኩ ሽማግሌዎች

አንድ ቀን፣ እሁድ ጠዋት ነው፣ ሦስት ሆነን ከአራብሳ ኮንዶሚኒየም ተነሳንና ልጅ ልንጠይቅ ሳር ቤት ሄድን። ሦስቱ ሽማግሌዎች እኔ፣ ሀጂ ሙደሲርና ዘርጋው ነን። የላከን ምንተስኖት ይባላል። ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር ጨዋ ልጅ ነው። አባቱ በሕፃንነቱ ሞተዋል፣ እናቱ ክፍለ ሀገር ናቸው፣ ስለዚህ ሽማግሌ መሆን ለጎረቤት ደረሰ።

ልጅቷ ፍሬሕይወት ናት። ከምንተስኖት ጋር እንደሚዋደዱ ብሎኩ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን «አባቴ ሳይመርቀኝ ከቤት አልወጣም» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። አባትየው እንቢ ካሉ አለቀ ማለት ነው። ልጁ ያን ሰሞን እህል አልበላ ብሎት ደረጃው ላይ ሳገኘው አንጀቴን ይበላው ነበር።

ይሄ ሁለተኛ መሄዳችን ነው። በመጀመሪያው እሁድ ነገሩ ሁሉ አልጋ በአልጋ ነበር። አባትየው አቶ አስፋቸው «ለመሆኑ ልጁ የት ነው የሚኖረው?» ብለው ጠየቁ። ሀጂም «ቦሌ» አሉና ዝም አሉ።

ሀጂ አልዋሹም። የሰፈራችን ሙሉ ስም ቦሌ አራብሳ ነው። ግን እኛ እዚያ የምንኖር ሰዎች አንድ አመል አለብን። የት ነው የምትኖረው ሲባል «ቦሌ» እንልና ሁለተኛዋን ቃል እንውጣታለን። እኔም እውጣታለሁ፣ ሚስቴም ትውጣታለች። ሀጂ ሐጅ አድርገው የተመለሱ ትልቅ ሰው ናቸው፣ እሳቸውም ይውጧታል። አቶ አስፋቸው ፊታቸው በራና «ቦሌ የት ጋ? ወደ ኤርፖርቱ ነው?» አሉ። ሀጂ ጥቂት አሰቡና «ከኤርፖርቱ አለፍ ይላል» አሉ። በዚሁ ተለያየን፣ «ዘመድ ላማክርና በሚቀጥለው እሁድ ኑ» ተባልን።

በመሃል አንድ የተረገመ ሰው «አለፍ ይላል» የተባለው ምን ያህል እንደሚያልፍ ነግሯቸዋል።

በዚያ ላይ ሦስተኛው ሽማግሌያችን ታመው ተኙ። ምንተስኖት በእሳቸው ፈንታ ማንን ቢመርጥ ጥሩ ነው? ዘርጋውን። ዘርጋው የቤት ደላላ ነው። እኔ ተናደድኩ። «ልጅ ልንጠይቅ ነው እንጂ ቤት ልናከራይ ነው እንዴ?» አልኩት።

ምንተስኖት ግን «እሱ ይሂድልኝ ጋሽ ታፈሰ» አለኝ። «ሊፍት የሌለው አምስተኛ ፎቅ ላይ አስወጥቶ 'እድለኛ ነኝ' ያሰኘኝ እሱ ነው።»

ምን ይባላል? ይዘነው ሄድን። ታክሲ ውስጥ ጎኔ አስቀምጬ «ዛሬ አደራህን፣ ምንም ነገር አትሽጥ» ብዬ መከርኩት። «እሺ» አለኝ። የደላላ እሺ ነው፣ ምን ዋጋ አለው።

ስለ ሰፈራችን የሚወራውን እኔም እሰማለሁ። ጡረታ ሳልወጣ በፊት ከቢሮ ስነሳ የሥራ ባልደረቦቼ «መልካም መንገድ፣ ስትደርስ ደውል» ይሉኝ ነበር። አንዷማ ስንቅ ቋጥራልኝ ታውቃለች። እውነቱን ተናገር ካላችሁኝ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ውሃው ይጠፋል፣ ጅብም ይጮኻል። ግን ሚስቴ ወድቃ እግሯ የተሰበረ ቀን ከአምስተኛ ፎቅ ድረስ ሰው ወርዶ ተሸክሞልኛል። መሃል ከተማ ስኖር የጎረቤቴን ስም የሰማሁት ቀብሩ ላይ ነው። ይሄን የሚያወራልን ሰው የለም፣ ጅቡን ብቻ ነው የሚያወሩት።

ሦስት ታክሲ ለዋውጠን ሳር ቤት ደረስን። ግቢው ሰፊ ነው፣ መኪና ቆሟል። አቶ አስፋቸው ሳሎኑ መሃል ሶፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ጥግ ላይ ናቸው። የፍሬሕይወት ክፍል በሩ ገርበብ ብሏል፣ እንደምትሰማ ገባኝ።

«ተቀመጡ» የሚለን ሰው ጠፋ። ይሄ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው፣ ባለቤቱ ነገሩን ሲቀበል ነው ቁጭ የሚለው። የመጀመሪያው እሁድ ገና ከበሩ ሳናልፍ ወንበር ተስቦልን ነበር፣ ያኔ ቦሌ ነበርና። ዛሬ ሦስት ወንበር ፊት ለፊታችን ባዶውን ተደርድሮ እኛ ቆመናል። ሀጂ ከዘራቸውን ተደግፈው ሰላምታውንና ምርቃቱን አደረሱና «ለመልካም ነገር ነው የተመለስነው» አሉ።

አቶ አስፋቸው ሀጂን ትክ ብለው አዩዋቸው። «ሀጂ፣ እርስዎ የተከበሩ ሰው ነዎት። ቦሌ ብለውኝ ነበር።»

«ቦሌ ነው» አሉ ሀጂ።

«ቦሌ ምን?»

ሀጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አራብሳ።»

«አልተሰማኝም።»

«አራብሳ ነው» አሉ ሀጂ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ሽማግሌ ሰው እንደ ተማሪ ሲጠየቅ ማየት ደስ አይልም።

«እንደሱ ነው የሚባለው» አሉ አቶ አስፋቸው። «አራብሳን አያውቀውም ብላችሁ ነው? እኔ የማላውቀው የአዲስ አበባ ሰፈር የለም። በእርግጥ ሄጄ አላውቅም፣ ግን አውቀዋለሁ። ሩቅ ነው።»

እኔ መልስ ሳዘጋጅ ዘርጋው ቀደመኝ። «ሩቁስ ሳር ቤት ነው ጌታዬ። ዛሬ ስንመጣ አይተነዋል።»

በክርኔ ጎሸም አደረግኩት። አልገባውም፣ ወይም ገብቶት ንቆኛል።

«ፎቁ ሊፍት የለውም አሉ» አሉ አቶ አስፋቸው።

«የለውም። ለዚህ ነው አምስተኛ ፎቅ ድረስ ከልቡ የሚወድህ ሰው ብቻ የሚመጣው። ነገረኛው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደክሞት ይመለሳል።»

«ጅብስ? ጅብ የለም ልትለኝ ነው?»

«አለ እንጂ። ለዚህ ነው ሌባ የሌለው። ስንገባ አይቼ አዘንኩ፣ የመኪናዎ ስፖኪዮ በፕላስተር ነው የተጣበቀው። ጅብ ቢኖር ማን ይነካው ነበር?»

ጥግ በኩል ወይዘሮ አስካለ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። አቶ አስፋቸው ግን ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ስማ አንተ ሰውዬ፣ ሥራህ ምንድን ነው?»

«ደላላ ነኝ።»

አቶ አስፋቸው ሳቁ። ጥሩ ሳቅ አይደለም። «ይኸው ነው እንግዲህ። ሽማግሌ ጠፍቶ ደላላ ተላከብኝ። ልጄን ቁልፍ በእጅ ብለህ ልታከራያት ነው የመጣኸው?»

አፈርኩ። ሀጂም አንገታቸውን ደፉ። የምንተስኖት ፊት ድቅን አለብኝና በውስጤ ዘርጋውን ረገምኩት። የሠፈሩን ልጅ ተስፋ በቀልድ አበላሽቶት ቀረ ብዬ ነው ያሰብኩት። ገርበብ ያለው በር ደግሞ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

አቶ አስፋቸው አሁን ሙሉ በሙሉ የበላይነቱን ይዘዋል። ግድግዳው ላይ ወዳለው ትልቅ ፎቶ ጠቆሙ። አንዲት ሴት ወፍራም ካፖርት ለብሳ በረዶ ላይ ቆማለች።

«ይቺ ትልቋ ልጄ ናት፣ ሰብለ። ካናዳ ነው የዳርኳት። እድር ላይ ሰው 'ሰብለ የት ናት?' ሲለኝ 'ካናዳ' እላለሁ፣ ሰው ቦታ ይለቅልኛል። 'ፍሬሕይወትስ?' ሲለኝ ምን ልበል? አራብሳ ስለው 'እግዜር ያጽናህ' ነው የሚለኝ። ካናዳ ውሃው ቀን ከሌት ነው፣ በአንዱ ቧንቧ ሙቅ፣ በአንዱ ቀዝቃዛ። እናንተ ዘንድ ውሃ በሳምንት ስንቴ ነው የሚመጣው? እስቲ ዛሬ እንኳ ሳትዋሽ መልስልኝ።»

እኔ እንደለመደው «ውሃ ስለሌለ ቤቱ እርጥበት የለውም» ሊል ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ዘርጋው ግን ፎቶውን እያየ ነበር።

«አንዴ ነው» አለ። «አንዳንድ ሳምንት እሱም ይቀራል።»

ከዘርጋው አፍ እንዲህ ያለ ቀጥተኛ ነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ያውም በዚህ ሰዓት። አቶ አስፋቸው እጃቸውን አጨበጨቡ። «በቃ፣ ሰማችሁ። እንግዲህ ደህና ሁኑ፣ መንገዱ ሳይመሽባችሁ» ብለው ሊሸኙን ከሶፋው ተነሱ።

ዘርጋው ከቆመበት አልተነቃነቀም። «ካናዳስ?» አለ።

«ካናዳ ምኑ?»

«ውሃው ቀን ከሌት ይመጣል ብለውኛል፣ ገብቶኛል። ሰብለስ ስንቴ ትመጣለች?»

አቶ አስፋቸው እንደተነሱ ቆመው ቀሩ። አሁን እኛም ቆመናል፣ እሳቸውም ቆመዋል።

የመለሱት ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ከገባን ጀምሮ ቃል ሲተነፍሱ የሰማሁት ያኔ ነው። «ከሄደች መጥታ አታውቅም» አሉ። «ልጆቿን በስልክ ነው የማያቸው። ትንሹ አማርኛም አይሰማ፣ እጁን ያወዛውዝልኛል።»

ዘርጋው ወደ እሳቸው ዞረ። «እትዬ፣ እንግዲህ የኛን ሰፈር ጉድለት ሳልደብቅ ልንገርዎት። ውሃው ይጠፋል። ሲጠፋ ፍሬሕይወት ጀሪካኗን አንጠልጥላ የት ትሄዳለች? የእናቷ ቤት ነዋ። በጠፋ ቁጥር ትመጣለች፣ ሲቆይም ባሏን አስከትላ ትመጣለች፣ ስትወልድ ደግሞ የሕፃኑን ልብስ ላጥብ ብላ እሱንም አዝላ ትመጣለች። እርስዎ ልጅዎን የሚያጧት የኛ ውሃ የተስተካከለ ቀን ነው።»

ሀጂ በቀስታ «ወላሂ እውነቱን ነው» አሉ።

ወይዘሮ አስካለ ብድግ አሉ። ባላቸውን አለፉና ከተደረደሩት ወንበሮች አንዱን ለሀጂ ሳቡላቸው። «ቁጭ በሉ» አሉ። ቀጥለው ለእኔ ሳቡልኝ። ሦስተኛውን ለዘርጋው ሲስቡ አቶ አስፋቸው «አስካለ» አሉ።

«እኔ እናቷ ነኝ» አሉ ወይዘሮ አስካለ ዞር ሳይሉ። «ቁጭ በል አንተ ልጅ።» ዘርጋው ጸጉሩ የሸበተ ሰውዬ ነው፣ ግን እንደ ልጅ እሺ ብሎ ተቀመጠ።

ሦስታችንም ተቀመጥን። የተቀመጠ ሽማግሌ ደግሞ ተነስ አይባልም፣ አቶ አስፋቸውም ይህን ያውቃሉ። የተዘጋው በር እንደገና ገርበብ አለ። እሳቸው ፎቶውን አዩ፣ ባለቤታቸውን አዩ፣ መጨረሻ ላይ እያመነቱ ወደ ሶፋቸው ተመለሱ። ሀጂ ምርቃት ሊጀምሩ እጃቸውን ሲዘረጉ አቶ አስፋቸው ማንንም ሳያዩ ተናገሩ።

«ሃያ ሊትር በታክሲ ይዛ አትንከራተትም። ባለ አምስቱን ጀሪካን ትያዝ፣ እሱ ቶሎ ያልቃል።»